አባባን የገደለው ማመልከቻ

ጥቅምት 4

ለወንድሜ፤

ሰላምታውን መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ፤ እስከዚያ ንዴቴ ከበረደ። ካልበረደ ያለ ሰላምታ ትቀራለህ።

ያልደወልኩት ፈርቼህ አይደለም። የባትሪ ጥገና ቤታችንን ስልክ የሚያነሳው አባባ ነው፤ ሲያነሳ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል፤ ደንበኛውም ጎረቤቱም መንገደኛውም አብሮ ይሰማል። የምጽፍልህን አባባ መስማት የለበትም። አንብበህ ስትጨርስ ከኢሜይልህ አጥፋው።

ባሕር ማዶ የመጀመሪያ ቀኔ ትምህርት አልነበረበትም፤ አዲስ ገቢዎች ከአስተማሪዎች ጋር የምንተዋወቅበት ነበር። የባትሪ ምህንድስናውን የማስተርስ ትምህርት የሚመሩት ፕሮፌሰር ሽበታም፣ ቀጭን ሴትዮ ናቸው። ተራዬ ደርሶ ስሜን ስነግራቸው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ "በአባትሽ ሞት ሁላችንም አዝነናል" አሉኝ።

አንተ እኔን ብትሆን ምን ታስብ ነበር? እኔ ያሰብኩት፣ አባባ መንገድ ላይ ሳለሁ ሞቶ፣ እናንተ ለእኔ መንገር ከብዷችሁ ትምህርት ቤቱ እንዲያረዳኝ አድርጋችኋል ብዬ ነው።  መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ደወልኩ። ስልኩ ተነሳ። አባባ ነው፤ ለእኔ "ሄሎ" ከማለቱ በፊት አንዱን ደንበኛ ይወርድበታል፦ "የቧንቧ ውሃ ጨምረህበት ባትሪው ምን ያድርግህ? ሰው እንኳ ያን ውሃ ጠጥቶ አልቻለው።" እኔ እዚያ ግድግዳውን ተደግፌ አለቅሳለሁ። "ምነው፣ በረደሽ እንዴ? ልብስ ደርቢ እንጂ" አለኝ።

ከዚያ መዝገብ ክፍል ሄጄ ፋይሌን አስወጣሁ። ስሜ አለ፣ ፊርማዬ አለ። የእኔ ጽሑፍ ግን የለም። እኔ የጻፍኩት ስለ ባትሪ ነበር፤ ውስጡ ያለው የእርሳስ ፕሌት ለምን እንደሚበላ፣ የሞተ ሴል እንዴት እንደሚለይ፣ ምን መማር እንደምፈልግ። በእሱ ቦታ "የሚገድለውን ሳያውቅ ዕድሜ ልኩን እርሳስ ያቀለጠው አባቴ፣ እጆቹ ዝለው በእቅፌ ውስጥ አረፈ" የሚል አገኘሁ። በእቅፌ ውስጥ! አባባን አንድ ቀን እንኳ አቅፌው አውቃለሁ?

ማመልከቻውን የላክኸው አንተ ነህ። ሟርተኛ፣ አስረዳኝ።

ሰላምታ የለም።

እህትህ

---

ጥቅምት 11

ለእህት ዓለም፤

ስድብሽ ደርሶኛል። ደህና ነኝ፤ ስላልጠየቅሽኝ ነው የምነግርሽ። አባባም ደህና ነው፤ ለሞተ ሰው ድምፁ ሰፈሩን ያናጋል።

አዎ፣ እኔ ነኝ። አንቺ ያኔ የት ነበርሽ? የፀሐይ ኃይል ልትተክዪ ኔትወርክ የማይደርስበት ገጠር ገብተሽ ጽሑፉን በፍላሽ አድርገሽ በሾፌር እጅ ላክሽልኝ፤ "ፊደሉን አይተህ አስገባልኝ" ብለሽ። ማመልከቻው ደግሞ የሚዘጋው በዚያው ዕለት ነው። ይዤው ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ሮጥኩ። ሰውዬውን ታውቂዋለሽ፤ የሰፈሩን ልጅ ግማሹን ፎርም ሞልቶ ያሻገረ ስለሆነ ነው ቪዛ የምንለው። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና፣ "እህትህ ጎበዝ ናት፤ ግን እዚህ ውስጥ ማንም አልሞተም" አለኝ።

"መሞት አለበት እንዴ?" አልኩት።

"ማንም ያልሞተበት ማመልከቻ ሲያልፍ አይቼ አላውቅም።"

እናታችን ሞታለች አልኩት። "በምን?" አለኝ። በወሊድ አልኩት። "እና ከባትሪ ጋር ምን አገናኘው?" አለኝ። እውነቱን ነው። ከባትሪ ጋር የሚገናኝ ሰው ያለን አባባ ብቻ ነው። ስለዚህ አባባ ሞተ። ቪዛ ጻፈው፣ እኔ ፈቀድኩ፣ አንቺ ገባሽ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የራስሽን ጽሑፍ እንዳለ ልከሽ እንዳልተቀበሉሽ ረሳሽው?

አሁን የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ። ዝም ብለሽ ተማሪ። ሴትዮዋ "አዝነናል" ሲሉሽ ምን ብለሽ መለስሽ? እሱን ሳትነግሪኝ ነው ስድብ የጀመርሽው።

ወንድምሽ

---

ኅዳር 2

ለወንድሜ፤

ምን ብለሽ መለስሽ ላልከኝ፦ "አመሰግናለሁ" ብዬ ነው። ይኸው። ግራ ገብቶኝ ያልኩት ነው፤ ግን አልኩት፤ ከዚያ ወዲህ መመለሻ አጣሁለት። አንተና ቪዛ ብትገድሉትም መቃብሩን የደፈንኩት እኔ ነኝ።

ይኸውልህ፣ ያ ውሸት ሲያድግ ተመልከት። ፕሮፌሰሯ አሮጌ ባትሪ ሰው ሳይጎዳ የሚፈታበትን መንገድ ያጠናሉ። እኔን እዚያ ቡድን ውስጥ የመደቡኝ በአባባ ምክንያት ነው። በፀደይ አዲስ ቤተ ሙከራ ያስመርቃሉ፤ መድረክ ላይ ወጥቼ እንድናገር ይፈልጋሉ፤ ስለ ባትሪ ሳይሆን ስለ አባቴ አሟሟት።

ትምህርቱን ግን እወደዋለሁ፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ደረቅ ክፍል የሚሉት አለ። ሊቲየም እርጥበት አይወድም፤ ስለዚህ አየሩን ራሱን ያደርቁታል። ከንፈርህ ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው አንዴ አይገባም፤ ትንፋሻችን ብቻውን ሥራ ያበላሻልና። በመጀመሪያው ሳምንት ምን አደረግሁ መሰለህ? ሥራ ስጨርስ እንደ ባትሪ ቤታችን ልማድ ጨርቅ አርጥቤ ጠረጴዛውን ልወለውል ገባሁ። ከኋላዬ የነበረችው ልጅ ክንዴን ይዛ ጎትታ አወጣችኝ። እኛ ቤት ለባትሪ ውሃ ስንለምንለት ኖረን፣ እዚህ ውሃ ጠላት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ከሁሉም የተሻለ የምቀባው እኔ ነኝ። ሴሉ የሚሠራበትን ጥቁር ሊጥ በስስ ብረት ፎይል ላይ ሳሳሳው ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው፤ ይህን የሚነግሩኝ እነሱ ናቸው። ታዲያ ለዚህ የአባባ ሬሳ ምን ያደርግልኛል?

አባባ ባለፈው ሳምንት ሲደውል ኮሪደር ላይ ነበርኩ። ድምፁ ከስልኩ ወጥቶ ኮሪደሩን ሞላው። አብራኝ የምትኖረው ልጅ "ማነው?" አለችኝ። "አጎቴ" አልኩ። 

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ። የበላኸው አንተ ነህ፤ ስለዚህ ጻፍላቸው። ማመልከቻውን የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ እህቴ አታውቅም በላቸው። በጽሑፍ፣ በፊርማ። እስክትጽፍ ድረስ አትደውልልኝ።

---

ኅዳር 15

ለንጽሕቲቱ እህቴ፤

አልጽፍም።

ብጽፍስ ምን የሚሉሽ መሰለሽ? "ወንድምሽ ዋሾ ነው፤ አንቺ ግን ቆንጆ አድርገሽ ትቀቢያለሽና ቆዪ" ይሉሻል? ያባርሩሻል። አንቺ ተመልሰሽ እዚህ ጥግ ላይ ስትቀመጪ የማይሽ እኔ ነኝ። አባባ ደግሞ ደንበኛ በመጣ ቁጥር "ልጄ የባትሪ ዶክተር ልትሆን ነው" ይላል፤ ማስተርስ ነው እንጂ ዶክተር አይደለም ብለው አይሰማም።

ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ይዤው ኖሬያለሁ። አንቺ ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ባትሪ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ገጠር ለገጠር ስትዞሪ እርሳሱ ምድጃ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን "አንተስ ምን መማር ትፈልግ ነበር?" ብለሽኝ ታውቂያለሽ? ለአንቺ አንድ ውሸት ዋሸሁ፤ እሱም ሠራ። አሁን እኔ ነፍሰ ገዳይ፣ አንቺ ቅድስት። ጥሩ ነው፤ ተከፋፍለነዋል።

አባባ ደህና ነው። ሥራ ስለበዛ እጁ ትንሽ ዛል ብሎታል እንጂ ሌላ የለበትም። አጎትሽ ሰላም ብሎሻል።

---

ኅዳር 16

እጁ ዛል ብሎታል ማለት ምን ማለት ነው?

የትኛው እጁ? መዳፉን ወደ ታች አድርጎ ክንዱን ሲዘረጋ ከአንጓው ላይ ቀና ማድረግ ይችላል ወይስ ይወድቅበታል? ሆዱን ይቆርጠዋል? ድዱ ዳር ላይ ጠቆር ያለ መስመር አለ? አሁን ሂድና እየው። ሐኪም ቤት ውሰደውና "እርሳስ የሚያቀልጥ ሰው ነው" ብለህ ንገራቸው፤ ሳትነግራቸው አይጠረጥሩም።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለአንተ። ማመልከቻው ላይ "እጆቹ ዝለው" ይላል። ያን እጅ ከየት አምጥተህ ነው የጻፍከው?

---

ኅዳር 24

ለእህቴ፤

ቀኙ ነው። ይወድቅበታል። መፍቻ ሲያነሳ በግራው ይደግፈዋል። ሆዱን ይቆርጠዋል፣ የበላሁት ነው ይላል። ድዱን አሳየኝ ብለው "ፈረስ ልትገዛ ነው?" ብሎ አባረረኝ።

ሐኪም ቤት ወሰድኩት። እንደነገርሽኝ ተናገርኩ። የእርሳስ ምርመራ እኛ ጋ የለም አሉ። ነርቭ ይሆናል ብለው ቅባት ሰጡን። ማታ ማታ እያሸሁት ነው።

እጁን ከየት አመጣኸው ላልሽኝ... ቪዛ "በምን ይሙት?" ሲለኝ ምን እንደምል አላወቅኩም። እንዲያው "ሰሞኑን ከእጁ መዶሻ ይወድቃል" አልኩት። እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገና "ይኸው፣ እርሳስ ያደርገዋል ይላል፤ ይሄ ጥሩ ነው" አለ። እኔ ቪዛ ለጽሑፉ ያሳመረው መስሎኝ ነው። ሰውዬው ሁሉን ነገር ያሳምር የለም? ከዚያ ወጥቼ ባትሪ ቤት ገባሁ፤ አባባ ቆሞ እርሳስ ያቀልጣል፤ እኔም ልብሴን ቀይሬ ከጎኑ ቆምኩ። ስደቢኝ።

ግን ይህን ስሚ። ትናንት ቅባቱን እያሸሁት አባባ ምን አለኝ? "ያቺ ልጅ ያለችው ይሄንኑ በሽታ የሚያጠኑ ሰዎች ዘንድ አይደለም እንዴ? ጠይቂልኝ በላት እንጂ።" ምን ልበለው? እዚያ ሞተሃል ልበለው? ስጽፍላት እነግራታለሁ ብዬ ወጣሁ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብን። ምን እናድርግ?

---

ታኅሣሥ 3

ለወንድሜ፤

ምን እናድርግ ትለኛለህ? አድርጌዋለሁ።

ያንተ ደብዳቤ በደረሰኝ ማግስት ፕሮፌሰሯ ቢሮ ገባሁ። ከእሳቸው ጋር የሚሠሩ የእርሳስ በሽታ ሐኪም እንዳሉ አውቃለሁ፤ ከእሳቸው ሌላ የሚያገናኘኝ የለም። ቁጭ በይ ሲሉኝ እንቢ አልኩ። "አባቴ አልሞተም፤ ታሟል፤ ሐኪሙን አገናኙኝ" አልኩ። ማመልከቻው ውሸት መሆኑን፣ "አመሰግናለሁ" ብዬ ውሸቱን የራሴ ማድረጌን ሁሉ ተናገርኩ። ቪዛን ማስረዳት አቃተኝ፤ እንዲህ ያለ ሥራ አለ ብለው አያምኑም።

 ፊታቸው ቀላ። "በአባትሽ ስም ነው አዲሱን ቤተ ሙከራ ልሰይም የነበረው" አሉኝ። እኔም ተናድጄ ነበርና፣ "በሕይወት ባለ ሰው ስም አይሰየምም?" አልኳቸው። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ነገሩን ለኮሚቴ አቀርባለሁ፣ እስኪወሰን ቤተ ሙከራ አትገቢም አሉና የደረቅ ክፍሉን መክፈቻ ካርድ ተቀበሉኝ። ስልኩን አንስተው ግን ሐኪሙ ጋ ደወሉ። ይህን አልክድባቸውም።

ሐኪሙ ስለ ማመልከቻው ምንም አልጠየቁኝም። "በሕይወት አለ? እንግዲያው ደሙን ላኩልኝ" አሉ። አላላኩን በሌላ ኢሜይል ጽፌልሃለሁ። መድኃኒቱ ከኮሚቴው ጋር አይገናኝም ብለውኛል። ብባረርም ባልባረርም አባባ ይታከማል፤ ይህን አስቀድሜ ነው ያረጋገጥኩት።

ምድጃውን ዛሬውኑ አጥፋ። አባባ ቢቆጣ ይቆጣ። ያንተንም ደም አብረህ ላክ። ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ።

---

ታኅሣሥ 27

ለእህት ዓለም፤

ሐኪሙ ጽፈውልኛል። የአባባ ከፍተኛ ነው፤ መድኃኒቱን ጀምሯል። የእኔም አለ፤ ከእሱ ያንሳል፤ ክትትል በቂ ነው ብለዋል። ምድጃውን በውሃ አጥፍቼ አፈር ሞላሁበት። አባባ ሦስት ቀን አላናገረኝም።

ለምን ከሥራ አገድከኝ ሲለኝ አንዱን ስነግረው ሌላው ተከተለና ሁሉንም ነገርኩት። ሞትህን ጽፌያለሁ አልኩት። በእጁ መያዝ ቢችል ኖሮ የሚወረውርብኝን መዶሻ ዓይኑ ሲፈልግ አየሁ። የተናገረው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "እና እሷ አውቃ ነው?" አላወቀችም አልኩት። ኮሚቴው ምን አለ? ቶሎ ጻፊ፤ ቀኑን ሙሉ ይጠይቀኛል።

---

ጥር 6

ለወንድሜ፤

ኮሚቴው ተሰብስቦ ጠራኝ። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነው የገባሁት።

አላባረሩኝም። ይቅር ብለውኛል። እንዴት ይቅር እንዳሉኝ ስትሰማ አንተም ትናደዳለህ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የአባባን የደም ውጤት ሰምተዋል። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ "ታሪኩ በመሠረቱ እውነት ነው ማለት ነው" አሉ። እንዲያውም የተሻለ ነው አሉ፤ በሕይወት ያለ ሰው ራሱ መናገር ይችላል። ስለዚህ ቦታዬ እንዲጸና አንድ ነገር ይፈልጋሉ፤ አባባ በቪዲዮ ተቀርጾ በቤተ ሙከራው ምረቃ ቀን እንዲታይ። ስለ ሕይወቱ ጥቂት ቃል እንዲናገር። ከዚያ ክንዱን ዘርግቶ፣ እጁ ከአንጓው ሲወድቅ ለታዳሚው እንዲያሳይ። ፕሮፌሰሯ ጠረጴዛውን ይመለከቱ ነበር።

አንድም ሰው ስለ ሥራዬ አልጠየቀም። የቀባኋቸው ሴሎች አሁንም መሞከሪያው ላይ ናቸው፤ ከቡድኑ ሴሎች ሁሉ በላይ ቆይተዋል። የሙከራው ውጤት ወረቀት ፊታቸው ተቀምጦ ነበር፤ የገለጠው የለም። መጀመሪያ ሬሳውን ፈለጉ፣ አሁን እጁን። እንቢ ብዬ ልወጣ ስል ሰብሳቢው፣ "አባትሽን ሳትጠይቂ አትወስኚ" አሉኝ። ያለኝን ንዴት ሁሉ ውጬ ወጣሁ።

ይኸው በዚህ ደብዳቤ ጠይቄዋለሁ፤ አንብብለት። እንቢ ቢል እመጣለሁ፤ አላዝንም በለው። እሺ ቢልም የማዝነው እኔ ነኝ። እሺ እንዲል እንዳታባብለው፤ ቪዛም አይጠጋው።

---

ጥር 14

ለእህቴ፤

ደብዳቤሽን ከነስድቡ አነበብኩለት። ሰማኝና "ጃኬቴን አምጣ" አለ። የሠርግ ጃኬቱን ለብሶ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀመጠ። ስልኩን ባትሪ ላይ አስደግፌ ቀረጽኩት። የምትፈልጊውን አድርጎልሽ እንደሆነ አላውቅም። ሁለቱንም እጁን ጃኬት ኪሱ ውስጥ ከቶ ነው የተናገረው፤ አንዴም አላወጣቸውም። ቃሉን እንዳለ ገልብጬልሻለሁ፦

"ጤና ይስጥልኝ። የሞትኩት ሰውዬ ነኝ። ለመድኃኒቱ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሐኪሙን አመስግኑልኝ። ልጄ እጅህን አሳይ ተብለሃል አለኝ። እጄ ታሟል፤ ያየው ሐኪም አይቶታል፤ ሌላ ሰው የሚያየው ነገር የለውም። እኔም የምጠይቃችሁ አለኝ። ይህች ልጅ እናንተ ዘንድ የገባችው እኔ ሞቼ ነው፤ አሁን ደግሞ የምትቆየው እኔ ታምሜ ነው ትላላችሁ። እኔ ሰው ስቀጥር አባቱ እንዴት ሞተ ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ ባትሪ እሰጠዋለሁ፣ ሲሠራ አየዋለሁ። እናንተ አይታችኋታል? ጎበዝ ናት ወይስ አይደለችም? ጎበዝ ከሆነች በራሷ እጅ ትቆይ። ካልሆነች በእኔ እጅ አታቆዩአት፤ መልሱልኝ። ዋሽተዋል፤ ሁለቱም ልጆቼ ዋሽተዋል፤ ለዚያ እኔ እቤቴ እቀጣቸዋለሁ። እናንተ ግን ማንም ካልሞተ የማታነብቡት ለምንድነው? ጨርሻለሁ፤ አጥፋው።"

"አጥፋው" ያለው ለእኔ ነው፤ ስልኩን ለማለት። እሱም ተቀርጿል።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ይህን ካዩ ያስወጡሻል ብዬ ፈራሁ። መጨረሻውን ብቆርጠው፣ "ዋሽተዋል" የሚለውንም ባወጣው፣ የቀረው ምስጋናው ብቻ ይሆናል፤ ያልፋል። ለመቁረጥ ቀላል ነው። አባባ "እሷን ሳትጠይቅ አንዳች ነገር እንዳታደርግ" ስላለኝ ነው የምጠይቅሽ። ምን ላድርግ?

ወንድምሽ

---

ጥር 14፣ ማታ

ላከው። አንዲት ቃል እንዳትነካ።